የአንድ ጠዋት ሥራ

እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ የሚጠራው ግን በማጣበቂያው ስም «ማስቲሽ» ተብሎ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ወለል ላይ ሞኬት የሚባለውን ምንጣፍ ሲለጥፍ የኖረ ሰው ነው። ማስቲሹን እሱ እንደሚቀባው የሚቀባ፣ ጠርዙን እሱ እንደሚያስይዘው የሚያስይዝ በሙያው ውስጥ የለም ይባላል። እርግጥ ይህን አብዝቶ የሚለው ራሱ ነው። ቢሮ አንጥፏል፣ ሆቴል አንጥፏል፣ አንድ ትልቅ ሲኒማ ቤት ከነደረጃው አንጥፏል። «ቤቱ ይፈርሳል እንጂ የኔ ሥራ አይነሣም» ይል ነበር በሄደበት ሁሉ፤ ሰውም ይስቅለት ነበር። ሳቁን እንደ ምስክር ወረቀት እየሰበሰበ ስድሳ ሦስት ዓመት ሞላው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ያን ዕለት ጠዋት በታላቅ ወንድሙ ጀልባ ውስጥ ተንበርክኮ፣ በአንድ እጁ ስፓቱላ በሌላው ከተር ይዞ፣ የገዛ ሥራውን ሊያነሣ የተዘጋጀው።

ጀልባዋ የሽርሽር ጀልባ ናት። ወንድም ጋሼ፣ ታላቅየው ማለት ነው፣ ገና ፋርማሲውን ሳይዘጋ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት አሮጌ ገዝቶ አሳድሷታል። አሁን ከውኃ ወጥታ፣ ጀልባዎች በሚጠገኑበት ግቢ ውስጥ በእንጨት ድጋፍ ላይ ተቀምጣለች። ወደ ውስጥ በአራት ደረጃ ይወረዳል። ግራና ቀኝ ሁለት ጠባብ አግዳሚ ወንበር፣ መሐል ላይ የሚታጠፍ ጠረጴዛ፣ ጥግ ላይ የልጆች መጫወቻ የሚመስል የዕቃ ማጠቢያ አለ። የመስኮቶቹ ጎማ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ዝናብ በገባ ቁጥር በየመስኮቱ ሥር ቡናማ መስመር ጥሎ አልፏል። ወለሉን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸፈነው ሰማያዊ ሞኬት ግን ዛሬም አንድ ቦታ እንኳ አልተላቀቀም። ሽታው ሌላ ነገር ነው። እርጥብ ካልሲ ጫማ ውስጥ ለወር ቢረሳ እንዲህ አይሸትም።

ሊገዛት የመጣው የጥርስ ሐኪም አንገቱን ወደ ውስጥ ብቅ አድርጎ፣ ወዲያው መልሶ አውጥቶ፣ ይህ ምንጣፍ ተነሥቶ አዲስ ከተነጠፈ እወስዳታለሁ አለ። ወንድም ጋሼም ለማስቲሽ ደወለ። ማስቲሽ ወገቡን አመመኝ አለ፣ ሥራ በዛብኝ አለ፣ ሌላ ሰው ልፈልግልህ አለ። ወንድም ጋሼ የታላቅነቱን ድምፅ አውጥቶ «ያነጠፍከው አንተ፣ የምታነሣውም አንተ» አለውና ስልኩን ዘጋው።

ያን ሞኬት ማንሣት ያስፈራው ያለ ምክንያት አልነበረም። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ሰው ከሰው ሲለያይ የኖረው ከዚያ ሞኬት ሥር ባለው እንጨት ሰበብ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድማማቾቹ አንዲት ታናሽ እህት አለቻቸው። ያገባችው አናጺ ነው፤ እሱም እንደ ማስቲሽ በሙያው የታወቀ፣ ግን አፉ እንደ ማስቲሽ ያልሆነ። ወንድም ጋሼ ጀልባዋን ሲያሳድስ የበሰበሰውን ወለል አፍርሶ በአዲስ ኮምፔርሳቶ እንጨት የሠራለት ይህ አማቹ ነው። ሲጨርስ ማስቲሽ ሊለካ መጣ። አናጺው መጋዙን እየጠረገ አንድ ነገር ብቻ ነገረው፤ ጀልባ እንደ ቤት ስላልሆነ ሞኬቱ ባይለጠፍ፣ እንደ ልብስ በቁልፍ ተይዞ ሲረጥብ የሚነሣ ቢሆን ይሻላል አለው። ማስቲሽ ሳቀበት። ያልተለጠፈ ሞኬት አንሶላ ነው አለ፤ እኔን አንሶላ አንጣፊ ልታደርገኝ ነው? አናጺው ትከሻውን ሰብቆ ዕቃውን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ማስቲሽ ብቻውን ገብቶ ወለሉን አጸዳ፣ አሰናዳ፣ ማስቲሹን ቀብቶ ለጠፈ። ሲጨርስ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሥራውን ረጅም ሰዓት አየው። አምሮ ነበር፤ ማንም አላማረም አይልም።

በሦስተኛው ዓመት እናታቸው፣ ሳቋ ከውኃው ወዲያኛው ዳር የሚሰማ ሰፊ ሴትዮ፣ ሳህን ይዛ ደረጃዋን ስትወርድ ወለሉ ተደረመሰ። እግሯ ከነሞኬቱ እስከ ጉልበቷ ሰመጠ። ዳሌዋ ተሰበረ። አውጥተው ወደ ሐኪም ቤት ከወሰዷት በኋላ ማስቲሽ ጎንበስ ብሎ አየና «ሞኬቱ እንኳ አልተቀደደም» አለ። እንዲህ ብሎ መናገሩን ዛሬም ሲያስታውስ ጆሮው ይግላል። ያን ዕለት ግን ኩራት ነበር የተሰማው፤ እናቱ ተሰብራ እሱ በሞኬቱ ኮራ።

በማግስቱ አናጺው መጣ። ወለሉን በመዳፉ እየተጫነ ዳር እስከ ዳር ሄደበት፤ በየቦታው እንደ ሊጥ ይገባል። ቀና ብሎ፣ ጀልባ የሚያጥቡት፣ ሞተር የሚጠግኑት፣ ግማሹ ግቢ ቆሞ እየሰማ፣ «ምንጣፉን አንሱና እንጨቱን እንየው» አለ።

ማስቲሽ አሻፈረኝ አለ። የኔን ማስቲሽ ለማንሣት ሳምንት አይበቃም አለ። ሳምንት ሙሉ ታግላችሁ የምታገኙት ይህ ሰው የገዛውን ርካሽ እንጨት ነው፤ ለሱ ጥፋት የኔ ሥራ አይቀደድም። ወንድም ጋሼ ዝም አለ። ዝምታው ፍርድ ሆነ። ከዚያ ወዲያ በግቢው ለአናጺው ሥራ የሚሰጥ ጠፋ፤ «የሰውየው ወለል አማቱን በላ» እያሉ ቀለዱበት። እናትየው በዱላ እየሄደች ሦስት ዓመት ኖረች። «እግሬን የሰበረ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ» ብላ ነበርና ሳይረግጥ ሞተች። በቀብሯ ቀን እህትየው ብቻዋን ገብታ አለቀሰች፤ ባልየው ከአጥር ውጭ ቆሞ ጠበቃት። ዱሮ ማስቲሽን «ወንድምዬ» ብላ የምትጠራው እህቱ ያን ቀን በአጠገቡ ስታልፍ እንደ ግድግዳ አለፈችው። ባሌ አልተሳሳተም፣ አንድ ቀን ታያላችሁ ብላ ነበር። ከዚያ በኋላ አላዩአትም፣ አላየቻቸውም።

አሁን ማስቲሽ በአንዱ ጥግ ከተሩን ሰካ። ለሳምንት ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። የሙቅ አየር ማሽን አምጥቷል፣ ማስቲሽ የሚያሟሟ ሁለት ጠርሙስ አኳራጅ አምጥቷል፣ ሦስት ዓይነት ስፓቱላ፣ ለጉልበቱ ወፍራም ስፖንጅ አምጥቷል። በፊት በኩል፣ ወለሉ ከፍ በሚልበት፣ የመጀመሪያዋ ክንድ ያህል ሞኬት በእርግጥም አታገለችው። በሙቀት እያለሰለሰ፣ በስፓቱላ እየገፋ፣ ላቡን እየጠረገ ጎተታት። እየተሰቃየ ውስጡ ደስ አለው፤ «የኔ ሥራ» አለ ለብቻው። ሞኬቱ ሲነሣ ከሥሩ የወጣው እንጨት ግን ስፓቱላ የያዘ እጁን አቆመው። ንጹሕ ነው። ቢጫ፣ ደረቅ፣ በጥፍር ቢነኩት የሚጮህ፣ ትናንት ከሱቅ የመጣ የሚመስል እንጨት ነው። ርካሽ እንጨት እንዲህ አይሆንም። ይህን ለማወቅ አናጺ መሆን አያስፈልግም።

ወደ ኋላ፣ ወለሉ ወደሚዘቀዝቅበት ሲሄድ ሌላ ነገር ሆነ። ማሽኑን አጠፋው፤ አላስፈለገም። ሞኬቱ በአንድ ጉተታ እንደ ብርድ ልብስ መጣለት፤ ግን ብቻውን አልመጣም። ከጀርባው ላይ ጥቁር፣ ርጥብ፣ ጣት ያህል ውፍረት ያለው የእንጨት ሽፋን ተለጥፎበት መጣ። ማስቲሹ አልለቀቀም። ጨክኖ እንደያዘ ነው። የለቀቀው እንጨቱ ነው።

ያ ንጹሕ እንጨትና ይህ ጥቁር ጭቃ የአንድ ኮምፔርሳቶ ሁለት ጫፎች ናቸው። መጋጠሚያ የላቸውም፣ ሌላ እንጨት አይደለም። ማስቲሽ ጭቃውን በስፓቱላ እየጠረገ ወደ ዳሩ ሄደ፤ በዝቅተኛው ጠርዝ ላይ፣ በግድግዳው ሥር፣ አንድ ክብ ነገር አገኘ። አውራ ጣት የምታህል ክብ ናት፣ በነጭ ነገር የተሞላች። ስንዝር ራቅ ብሎ ሌላ አለ። ከዚያም ሌላ። የነጩን ነገር ምንነት ለማወቅ መቅመስ አላስፈለገውም። ስቱኮ ነው፤ የራሱ ስቱኮ።

ያኔ ቁጭ አለ። የነገሩ መልክ ቁልጭ ብሎ መጣለት። ማንኛውም ወለል አንጣፊ ወለል ሲቀበል መጀመሪያ የሚያደርገው አንድ ነገር አለ፤ ቀዳዳና ስንጥቅ ይፈልጋል፣ ያገኘውን በስቱኮ ይደፍናል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል። ቀዳዳ ያለበት ወለል ላይ ሞኬት የለጠፈ ሰው ከሙያው ይባረር ነበር። ማስቲሽ በዚህ ጉዳይ አይታማም። ያን ቀን፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ጠርዝ ላይ ስድስት ቀዳዳ አግኝቶ ነበር። «አናጺ ተብዬው ቀዳዳውን ትቶት ሄደ» ብሎ በልቡ ስቆ፣ ስድስቱንም ጥርቅም አድርጎ ደፈናቸው። በጣም ጥሩ አድርጎ ደፈናቸው።

አናጺው ግን የረሳው ነገር አልነበረም። በመስኮት የሚገባው ዝናብ፣ ዋኝቶ የመጣ ሰው የሚያንጠባጥበው ውኃ፣ ሁሉም ወደ ዝቅተኛው ጠርዝ ይወርድና በእነዚያ ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ጀልባዋ ሆድ ይገባል፤ ከዚያ ፓምፑ ይተፋዋል። ለዚህ ነበር የተበሱት። የአንዷን ስቱኮ በሚስማር ሲፈለፍል የቀዳዳዋ ውስጥ ግድግዳ በሙጫ ቀለም ተቀብቶ አየው፤ ውኃ ሲያልፍ እንጨቱ እንዳይጠጣ ቀዳዳውን ሳይቀር ቀብቶታል ሰውየው። ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ነው ርካሽ እንጨት ገዛ የተባለው። ውኃው መውጫ አጥቶ፣ ከላይ በሞኬት ታፍኖ፣ ከሥር በስቱኮ ተዘግቶ፣ ሦስት ዓመት ተኝቶ እንጨቱን በላው። ቀዳዳ አትድፈን ብሎ ማንስ ያስጠነቅቃል? ደግሞስ ቢያስጠነቅቀው ይሰማው ነበር?

ማስቲሽ ቀዳዳዎቹን ቆጠረ። አምስት ተኩል ናቸው። ግማሿ የት ሄደች ብሎ ሲፈልግ፣ እናቱ በወደቀችበት ቦታ ወለሉ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ ሌላ እንጨት ተተክሎበት አየ። ያን የጠገነው ወንድም ጋሼ ነበር፣ ከአደጋው ሳምንት በኋላ፣ ሞኬቱን ሳይነካ ከሥር በጀልባዋ ሆድ በኩል፣ ብቻውን፣ «ሌላ ሰው አላስገባም» ብሎ። መጋዙ በስድስተኛዋ ቀዳዳ መሐል ለመሐል አልፏል። በተቆረጠው ጠርዝ ላይ የስቱኮው ግማሽ እንደ ተገመጠ ብስኩት ይታያል። ያን እንጨት በመጋዝ የቆረጠ ሰው፣ ዓይን እስካለው ድረስ፣ ይህን ሳያይ አልቀረም።

የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ወንድም ጋሼ ሁለት ዳቦና ሙዝ በፌስታል ይዞ መጣ። ደረጃው ላይ ቆሞ ባዶውን ወለል አየ፣ የማስቲሽን ፊት አየ፣ ፌስታሉን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ይህን የቆረጠውን መጋዝ የያዝከው አንተ ነህ» አለ ማስቲሽ።

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አይተኸዋል።»

ወንድም ጋሼ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ። ፋርማሲው ውስጥ ሐኪም የጻፈውን መድኃኒት የለም ብሎ ደንበኛ ሲመልስ እንዲህ ያደርግ ነበር። «አይቼዋለሁ» አለ። «ምን ላድርግ? አንተ የእማዬ ልጅ ነህ። እሱ አማች ነው። አማች ቢቀየም ቤቱ ይገባል። አንተ መሆንህን ብታውቅ ግን እማዬ ሁለት ጊዜ ትሰበር ነበር።»

ማስቲሽ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ትክክል በመሆኑ ደረቱን ነፍቶ ኖሮ፣ ለካ የኖረው በሰው ምሕረት ነው። ወንድሙ ወዶታል፤ ፍቅሩን የከፈለው ግን በሌላ ሰው ስም ነው። ቢናደድ የሚናደድበት አጣ፤ ቢያመሰግን አፉ አይፈታለትም።

ወንድም ጋሼ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሆነ ሆኗል አለ። ከላዩ ስስ ኮምፔርሳቶ ጣልበትና አዲሱን ሞኬት ለጥፍ፣ የጥርስ ሐኪሙ ወለል ገልጦ አያይም፣ እማዬም የለች፣ ሰውየውም ዛሬ ምግቡን አላጣ፣ የከረመ ነገር መቆፈር ለማን ይጠቅማል አለ። ያለውን ሁሉ ያለው በቀና ልብ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩ ማስቲሽን ያስጠላውም ለዚህ ነው።

ማስቲሽ ዳቦውን አልበላም። ከዕቃው መሐል መጋዝ አንሥቶ ሁለት ቀዳዳ ያለበትን፣ አንድ ጫፉ ገና ንጹሕ ሌላው ጥቁር የሆነ የእንጨት ቁራጭ ቆርጦ አወጣ። በጋዜጣ ጠቀለለው። ለጥርስ ሐኪሙ ምን እንደሚነግረው ወንድም ጋሼ ራሱ እንዲያስብበት ነገረው። «የት ልትሄድ ነው?» ቢለው ቁራጩን አቅፎ በአራቱ ደረጃ ወጣ።

እህቱ የምትኖረው ፎቅ ላይ ነው፣ ሦስተኛ። ማስቲሽ በሩን አንኳኩቶ ሲጠብቅ ጋዜጣው በእጁ ላብ ረጠበ። ምን ብሎ እንደሚጀምር ደረጃውን ሲወጣ አጥንቶ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ሁሉም ጠፋበት። ጸጉሯ ሸብቷል። እንደሸበተ አያውቅም ነበር። እሷ አልደነገጠችም፣ አልሳቀችም። ከላይ እስከ ታች አየችውና «ይግቡ» አለችው፣ ውኃ ቆጣሪ ሊያነብ እንደመጣ ሰው። ከስድብ ሁሉ ያቺ አንቱታ ባሰችበት።

አናጺው መስኮቱ አጠገብ ተቀምጧል። መጋዘን ውስጥ የዕቃ ሣጥን የሚመታበትን ግራጫ ካፖርት እንደለበሰ ነው። ማስቲሽ ቤቱን ሳይፈልግ አየው፤ ወንበሩ ፕላስቲክ ነው፣ ጠረጴዛው ብረት ነው፣ መደርደሪያው ከሱቅ የተገዛ ነው። በአንድ ወቅት ያለ ሚስማር ወንበር የሚገጥም ሰው ቤት ውስጥ በእጁ የተሠራ አንድ እንጨት የለም።

ቁጭ በል ያለው ስላልነበረ ቆሞ ተናገረ። ጋዜጣውን ፈትቶ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ አኖረና ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ ሳያሳምር፣ ሳያሳጥር ነገራቸው። ቀዳዳዎቹን የደፈንኩት እኔ ነኝ አለ። እንጨቱን ያበሰበስኩት እኔ ነኝ፣ እማዬን የጣልኳት እኔ ነኝ፣ ስምህን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የወንድም ጋሼን ነገር ሊተወው አስቦ ነበር፤ ከተነገረ አይቀር ብሎ እሱንም ነገራቸው።

አናጺው እጁን ዘርግቶ ቁራጩን ወደ ራሱ ሳበው። እጁ ይንቀጠቀጣል። ንጹሑን ጫፍ በአውራ ጣቱ ዳበሰው፣ ገለበጠው፣ ለአፍንጫው አስጠግቶ አሸተተው። ከካፖርቱ ኪስ አንድ ሚስማር አውጥቶ ስቱኮውን መፈልፈል ጀመረ። ፍርፋሪው በጉልበቱ ላይ ረገፈ። ቀዳዳዋ ስትከፈት ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየባት።

«ንጹሑም ጥቁሩም ያው እንጨት ነው» አለ።

«ያው ነው» አለ ማስቲሽ።

«አየህ?» አለች እህትየው ለባሏ። «አየህ? ስል ነበር። ለእማዬም ስል ነበር፣ ለሁሉም ስል ነበር።»

አናጺው ሚስቱን አላያትም። ቀዳዳዋን እያየ ተናገረ፤ የሚናገረው ለእንጨቱ ይመስል ነበር።

«ምንጣፉን አንሱ ብዬ አንድ ጊዜ ነው የጠየቅኩት። ሁለተኛ ያልጠየቅኩት ፈርቼ ነው። ያን እንጨት የገዛሁት ከማላውቀው ነጋዴ ነበር፤ ዘወትር የምገዛበት ሱቅ ተዘግቶ። ቢገለጥ የኔ ጥፋት ሆኖ ይገኛል ብዬ ፈራሁ። በኋላ ጥፋቱ የኔ መሆኑን አመንኩት። መላጊያዬን የሸጥኩት፣ ሥራውን የተውኩት እነሱ ስላባረሩኝ አይደለም። አምኜው ነው።»

እህትየው ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከእናቷ፣ ከወንድሞቿ ተጣልታ ስትከራከርለት የኖረችው ሰው ለራሱ ሳይከራከር ነው የኖረው። ይህን አልነገራትም ነበር። ማስቲሽ ይህን ፊቷ ላይ አነበበው፤ ይህንንም ያመጣው እሱ ነው። እውነቱን ይዞ ሲመጣ ቢያንስ ለሷ ደስታ የሚሆን መስሎት ነበር፤ ገብቶ አንድ ሌላ ነገር ሰበረ።

ይቅርታ አድርጉልኝ አለ። ቃሉ በዚያ ክፍል ውስጥ በጣም ትንሽ ሆነበት። አዲሱን ወለል አብረን እንሥራው፣ ግቢው ውስጥ በሁሉም ፊት ጥፋቱ የኔ መሆኑን እናገራለሁ አለ። አናጺው የሚንቀጠቀጠውን እጁን ብቻ ከጠረጴዛው ላይ ከፍ አድርጎ አሳየውና መልሶ አስቀመጠው። ማስቲሽ አንገቱን ደፋ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ አናጺው። ቁጣ የለበትም፤ የሙያ ጥያቄ ነበር፣ ባለሙያ ባለሙያን እንደሚጠይቅ። «ያን ምንጣፍ ለማንሣት ስንት ቀን ፈጀብህ?»

ማስቲሽ አፉን ከፈተ። ሳምንት ሊል ይችል ነበር። ሳምንት ቢል ያን ዕለት በግቢው ፊት የተናገረው ነገር ቢያንስ እሱ እንኳ እውነት ይሆንለት ነበር። እህቱን አያት፤ እሷም መልሱን እየጠበቀች ነው።

«አንድ ጠዋት» አለ። «ቁርስ በልቼ ጀመርኩ፣ ከምሳ በፊት ጨረስኩ።»

አናጺው ሰዓት እንደተነገረው ሰው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ቁራጩን ጉልበቱ ላይ አመቻችቶ ሁለተኛዋን ቀዳዳ መፈልፈል ጀመረ። እህትየው ተነሥታ በሩን ከፈተችና መዝጊያውን ይዛ ቆመች፤ ማስቲሽም ወጣ። ሦስቱን ፎቅ ሲወርድ እስከ ታች ድረስ የሚስማሩ ድምፅ ይሰማው ነበር።